ልጄ ሳይኮሎጂ መረጠ፣ ምን ሊማር ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ አምና አሜሪካ አጎቱ ጋ ሄዶ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ገባ። ዘንድሮ ኤፒ ሳይኮሎጂ የሚባል ትምህርት መርጧል። ሒሳብና ፊዚክስ እያለለት ምን ነካው? በዚያ ላይ በደወለ ቁጥር «እማ፣ ይሄ ነገርሽ እኮ ዲፌንስ ሜካኒዝም ነው» ይለኛል። ስለ እብደት ሲያነብ ውሎ ሲያድር እሱስ ደህና ይሆናል?
(እናት፣ ከድሬዳዋ ከዚራ)

መልስ፦ አንቺ ብዬ ልመልስልሽ፣ ከድሬ ሰው ጋር አንቱታ አይሄድም። ሒሳብ ላልሽው አታስቢ፣ ልጅሽ ከሒሳብ አላመለጠም። አማካይ፣ ስርጭት፣ ተዛምዶ የሚባሉት እዚያም ይጠብቁታል።

ኤፒ ማለት ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ ተማሪው ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የኮሌጅ መግቢያ ኮርስ የሚማርበት ነው። እዚህ ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፍሬሽማን ላይ የሚያገኘው ጄኔራል ሳይኮሎጂ ዓይነት። ፈተናው ከ1 እስከ 5 ይታረማል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ካመጣ ብዙ ኮሌጆች ኮርሱን እንደወሰደ ይቆጥሩለታል፣ 4 ወይም 5 ካልሆነ የሚሉም አሉ። ከተሳካለት የኮሌጅ ገንዘብ ይተርፈዋል።

ትምህርቱ 5 ክፍል አለው፦ አንጎልና የነርቭ ሥርዓት፣ ማሰብና ማስታወስ፣ ዕድገትና መማር፣ ማኅበራዊ ሥነ ልቦናና ስብዕና፣ የአእምሮና የአካል ጤና። አንቺ እብደት ያልሽው የመጨረሻው ውስጥ ነው ያለው፣ እዚያም ከጭንቀትና ከሕክምና ጋር ተጋርቶ።

አቦ፣ ዋናው ነገር ሰውን ማንበብ አይደለም። አንድ ወሬ እውነት መሆኑን እንዴት እናጣራለን የሚለው ነው። ድሬ ውስጥ ፈተና ሲደርስ የሚባለውን ታውቂዋለሽ፦ ጫት ይዞ ያጠና ይይዝለታል። እሺ፣ የሚቅሙት ተማሪዎች ውጤታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ እንበል። ጫቱ ነው? ወይስ ድሮም ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያጠኑት ናቸው የሚቅሙት? ይሄን ለመለየት ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለሽ ለግማሾቹ ጫት መስጠት፣ ግማሾቹን መከልከል ሊኖርብሽ ነው፤ ለ16 ዓመት ልጅ ጫት እየሰጡ መሞከርን ደግሞ የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈቅዳል? ስለዚህ ሁለቱ አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን መናገር አትችይም። የአንጎሉ ክፍል ደግሞ የራሱን ይጨምርለታል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው፣ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ያስለቅቃል፣ ምርቃናው ከዚያ ይመጣል። ያጠኑት ነገር የሚረጋው ግን በእንቅልፍ ጊዜ ነው፣ ጫቱ የሚነጥቀውም ያንኑ እንቅልፍ ነው።

ፈተናውም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ90 ደቂቃ 75 የምርጫ ጥያቄ ይሠራል፣ ከዚያ በ70 ደቂቃ 2 የጽሑፍ ጥያቄ። በአንደኛው የአንድ ጥናት ማጠቃለያ ይሰጠውና ዘዴው ምን ነበር፣ ነገሩ በምን ተለካ፣ ቁጥሩ ምን ይላል፣ ተሳታፊዎቹስ እንዴት ተጠበቁ፣ ውጤቱ ለሌላ ሰውም ይሠራል ወይ እያለ ይመልሳል። በሁለተኛው ከ3 ጥናቶች ማስረጃ እየጠቀሰ ይከራከራል።

ተሳታፊ መጠበቅ ሲባል ለወጉ ያህል አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ሙከራ ልጅሽ መስማቱ አይቀርም። ከ40 ወንዶች 26ቱ «ቀጥል» ስለተባሉ ብቻ፣ ሰውን በኤሌክትሪክ የሚመቱ እየመሰላቸው እስከ 450 ቮልት ሄደዋል። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር፣ የሰዎቹ ላብና መንቀጥቀጥ ግን የእውነት።

ደህና ይሆናል ወይ ላልሽው፣ የሕመም ምልክት ያነበበ ተማሪ «ይሄማ እኔ ነኝ» ማለቱ የተለመደ ነው፣ የሕክምና ተማሪዎችም ይሉታል፣ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከሸሸ ግን በመጽሐፉ አታሳብቡ። አጎቱ ሐኪም ያሳየው።

ለዲፌንስ ሜካኒዝሙ ደግሞ መልስ አለሽ። ሰው ከሚያስጨንቀው ነገር ሳያውቀው ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ ማለት ነው። ሐሳቡ የሲግመንድ ፍሮይድና የሴት ልጁ የአና ፍሮይድ ነው፣ በሙከራ ለማረጋገጥ ያስቸግራል እየተባለ ሲተች የኖረ። በሚቀጥለው ሲደውል «በምን ለካኸው?» በይው። ፈተናው ላይም የሚጠየቀው ይሄንኑ ነው።

ጥያቄ፦ 11ኛ ክፍል ነኝ። ማታ ፈላና በር ጅቦቹ ሲጠሩ የሚመጡት በፓቭሎቭ መንገድ ነው እላለሁ፣ ጓደኛዬ በስኪነር ነው ይላል። የተሸነፈ ፈጢራ ይጋብዛል።
(ከሐረር ጀጎል)

መልስ፦ የሚያጣላ ጥያቄ ነው! ፓቭሎቭም ስኪነርም እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ ያጠኑ ሳይንቲስቶች ናቸው። የፓቭሎቭ ውሻ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ምልክቱና ምግቡ ደጋግመው አብረው ስለመጡ፣ ምልክቱ ብቻውን ምራቁን ያመጣዋል። ጅቡ ግን ከጉድጓዱ ተነስቶ፣ ከሰው ጋር ተፋጦ፣ መጥቶ ነው ሥጋውን የሚጎርሰው። መምጣቱ ስለተሸለመ ነገም ይመጣል፣ ይሄ ስኪነር ነው። ጥሪው ደግሞ «አሁን ብትመጣ ታገኛለህ» የሚል ምልክት ሆኖለታል። ሥጋ ሳያይ በጥሪው ብቻ ለሃጩ ከተዝረበረበ ግን እሱ ያንተ ነው።

የሚያበላቸው ሰው ጠርቶ ጠርቶ ባያበላቸውስ? መምጣታቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ድሮም አንዳንዴ እያበላ አንዳንዴ እየተወ ካስለመዳቸው ግን ቶሎ ተስፋ አይቆርጡም። ይቺን በሩ ላይ ቆማችሁ እንዳትሞክሯት።

ፈጢራውን አንተ ግዛ፣ ሻዩን እሱ ይክፈል።