የጃክፍሩት ዘር ለምትተክለው ወንድሜ

«ዘመዴ ከካምፓላ የጃክፍሩት ዘር ሊያመጣልኝ ነው፣ ግቢዬ ልተክለው ምን ልጠንቀቅ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ይሄን ግንዱ ላይ ትልልቅ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ከካምፓላ አምጥቼ ሚዛን ተፈሪ ነው የተከልኩት። ሁለቴ ከስሬበታለሁ፣ ስለዚህ ስማኝ።

1. ዘሩን እንዳታደርቀው! እኛ ዘር ሲባል በቆሎ ነው የሚታየን። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ጎተራ የሚገባው። ይሄ ግን የዝናብ ደን ዛፍ ነው። ዘሩ እርጥብ አፈር ላይ ወድቆ ቶሎ የሚበቅል እንጂ የሚቀመጥ አይደለም፤ ከደረቀ ይሞታል። እኔ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር በተከራየሁበት ቤት ስልሳ ዘር አጥቤ ለቀናት አሰጣሁ። ሲንኳኳ «አሁን ደረሰ» ብዬ በጋዜጣ ጠቀለልኩት። አንድም አልበቀለም።

2. መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ፍሬውን መቁረጥ። ከእኛ አገር የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከኡጋንዳ ደግሞ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዙር ዘሩን እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ፈቃዱ ግን ገና አልወጣም ነበር። የሥጋ ወንድሜ እዚህ አገር ቤት አንድ ቢሮ አስራ ዘጠኝ ቀን ተመላለሰ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ለሰላሳ ዘር ነው እንዲህ የምታስቸግረን?» አለው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ቁጥጥሩ ልክ ነው፣ የተክል በሽታ ይገባል። ግን በሕግ ላስገባ ያለን ሰው እንዲህ ያዋርዳሉ? ወረቀቱ ሲደርስ ዘሩ ሰጋቱራው ውስጥ በቅሎ አከራዬ ጓሮ ቀረ።

3. በሦስተኛው ፈቃዱን ይዤ፣ ልመጣ ስል ፌኔውን ገዛሁ። ኡጋንዳዎች ጃክፍሩቱን ፌኔ ነው የሚሉት። እጅህንና ቢላውን ዘይት ቀባ፣ ሙጫው በሳሙና አይለቅም። አስራ ሁለት ዘር ተክዬ ዘጠኙ በቀለ። አራቱን ካደጉ በኋላ ቦታ ሳዛውር ዋናው ሥር ተቆርጦባቸው ሞቱ። አንተ ሳይነሳ የሚኖርበት ቦታ ላይ ትከለው፣ ውሃ በማይተኛበት። አምስቱ አሉልኝ።

በስድስተኛው ዓመት ፍሬው ግንዱ ላይ ተንጠለጠለ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ሥጋውን ልጆቹ ጨረሱት። ዘሩን ጥሬውን አትብሉ ብዬ ለእናቴ ሰጠኋት። በጨው ቀቅላ፣ ነጩን ልጣጭ አንስታ ለቡና ቁርስ አቀረበችው። አሁን ፍሬ በተቆረጠ ቁጥር ዘሩን ለተከላ የምደብቀው ከእሷ ነው።