ጣና ላይ ስለ መቅዘፍ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የውሃ ወዳጆች። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ነው ያደግሁት። በታንኳም በካያክም (በጠባቧ ዘመናዊ መቅዘፊያ ጀልባ) ቀዝፌያለሁ። «ስንቀዝፍ ሐይቁን እየጎዳን ይሆን?» የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ስለደረሰኝ፣ ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ውሃው የሁሉም አይደል እንዴ? ለምን እንከለከላለን?

መልስ፦ ውሃው የሁሉም ነው። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱን የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ግን ልጄ፣ ወደ ውሃው የምትገባው በዳርቻ በኩል ነው። ዳርቻው ደግሞ የገበሬ ማሳ፣ የገዳም ይዞታ፣ የሆቴል አጥር ወይም ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል) ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚያ ጋ ነው። ማሳ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቅ። ገዳም ከሆነ ሥርዓቱን አክብር፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባባቸውም አሉ።

ጥያቄ፦ ደንገሉ መሀል ሰንጥቆ መቅዘፍ በጣም ደስ ይለኛል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ደስታውን አውቀዋለሁ፣ እህቴ። ጥላው፣ ጸጥታው፣ ወፉ። ግን አንድ ካያክ ሰንጥቆ ሲያልፍ ደንገሉ ይጋደማል። ሁለተኛው ሰው የተከፈተውን መንገድ አይቶ ይከተላል። በሳምንቱ መተላለፊያ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ደንገል የዓሣ ጫጩት መደበቂያ ነው፣ የወፍ ጎጆ ነው፣ ወንዞቹ ይዘውት የሚመጡትን ደለልም ያስቀራል። እኔ ራቅ ብዬ ጠርዙን ተከትዬ ነው የምቀዝፈው። እርግጥ ነው፣ ደንገሉን ከሁሉ በላይ የጎዳው ቀዛፊ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ እየተከተለ የሚያርሰው ማረሻና የከብት ግጦሽ ነው። ይህ ግን እኛን ነፃ አያወጣንም።

ጥያቄ፦ እምቦጭ በጀልባ ይተላለፋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ነው። በአንዲት ቁራጭም በዘርም ይራባል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አንድ ጊዜ ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተመልሼ ካያኬን ሳላጥብ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ከመቀመጫው ሥር ጣት የምታክል ቁራጭ አገኘሁ። አንገቷ እንደ ሽንኩርት አብጧል። ሥሯ እንደ ጥቁር ፀጉር ነው፣ ገና እርጥብ ነው። እንደዚያው ደቡብ ላይ ብገባ ኖሮ ተክያት ነበር። ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ዳርቻ ላይ አገላብጬ አራግፋለሁ፣ ጭቃውን አጥባለሁ፣ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ። የታንኳ ሰዎች ይህን ድሮም ያውቁታል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከውሃ እንደወጣ አቁመው ያደርቁታል።

ጥያቄ፦ የሚዘጋ ወቅት መኖር አለበት ትላለህ?

መልስ፦ አዎ። ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ነው እንቁላል የሚጥሉት። በእነዚህ ወራት የወንዞቹ አፍ ለመረብም ለካያክም ቢዘጋ ደስ ይለኛል። መረቡ ከኛ እጅግ የባሰ ነው። ግን እኛ እየገባን ዓሣ አጥማጁን «አትግባ» ማለት አይሆንም። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለመቅዘፊያ የሚሆን ቦታ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ጉማሬስ?

መልስ፦ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አለ። ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋጋ ይመለሳል። በእሱና በጥልቁ ውሃ መሀል አትግባ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ እዚያ አትቅዘፍ። ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ደንገል መቁረጥ በሙሉ ለምን አይከለከልም?

መልስ፦ ይህን ሐሳብ አልደግፍም። ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ኑሯቸው ደንገል ነው። ደንገል በአግባቡ ከተቆረጠ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የታረሰው ግን አይመለስም። ሁለቱን በአንድ ሕግ መቅጣት ግፍ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ባዮስፌር ማለት ሰውን ማስወጣት አይደለም። የሚነካና የማይነካ ቦታ ለይቶ አብሮ መኖር ነው። የቱ እንደማይነካ ሲወሰን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ታንኳ ሠሪዎቹ ናቸው። ከኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። ቅዳሜ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጀልባዎች ከሚነሡበት ወደብ ጀምሪ፣ እህቴ። ዳርቻው ቀድሞም የተረገጠ ስለሆነ አዲስ ጉዳት አታደርሺም። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግቢ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሺ። ስትመለሺ የእምቦጭ ቁራጭ እንዳይኖር መቀመጫው ሥር እዪ።