ከአራብሳ መገናኛ፦ ስለ መንገድና ስለ ሰልፍ ጥያቄና መልስ

በትራንስፖርት ዕቅድ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ያለው የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ስለ ጠዋቱና ስለ ማታው ጉዟችን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው መንገድ ቢሰፋ አንገላገልም?

ለጥቂት ጊዜ እንተነፍሳለን። ከዚያ ዛሬ መጨናነቁን ፈርቶ መኪናውን ደጁ ላይ ያቆመው ሁሉ ይወጣል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መጨናነቁ የመንገዱን አቅም እስኪሞላ ድረስ እንደሚያድግ አንቶኒ ዳውንስ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1962 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

ጥያቄ፦ ታክሲዎች ጠዋት መስመር የሚቆራርጡት፣ አንዱን ጉዞ ከፋፍለው ደጋግመው የሚያስከፍሉት፣ ከስግብግብነት አይደለም?

ስግብግብነትም አለበት፤ አላስተባብልም። ነገር ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልቱ ዳር ቆመው ይመልከቱ። ወደ መገናኛ የሚሄደው ሰልፍ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም፤ ወደ እኛ የሚመጣው ታክሲ ውስጥ ግን ሾፌሩና ረዳቱ ብቻ ናቸው። የዚያን ባዶ ጉዞ ነዳጅ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው። ቤቱን ከተማው ዳር ሠርተን ሥራውንና መሥሪያ ቤቱን መሀል ተውነው፤ ይህን ደግሞ ተራ አስከባሪ በማብዛት ማቃናት አይቻልም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አውቶቡስ ይጨመርልን?

ይጨመር። ግን ቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። በአንድ መስመር ላይ 20 አውቶቡሶች አሉ፤ ደርሶ መልሱ 120 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል፤ በሰዓት 10 ማለት ነው። ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ተሰጥቶት ደርሶ መልሱ ወደ 80 ደቂቃ ቢወርድ፣ እነዚያው 20 አውቶቡሶች በየ4 ደቂቃው ይደርሳሉ፤ በሰዓት 15። ይህን አገልግሎት በ120 ደቂቃው መንገድ ለማግኘት 10 አውቶቡስ መግዛት፣ 10 ሾፌር መቅጠር ያስፈልግ ነበር። ቀለም መቀባትና መስመሩን በጥብቅ ማስከበር ከዚያ ይረክሳል። ከባዱ ማስከበሩ ነው፤ ባለ ሥልጣን የጫነ መኪና መጀመሪያ ይገባበታልና። ዳሬሰላም በ2016 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የአውቶቡስ መስመር ሥራ አስጀምራለች፤ ከእኛ ሀብታም ስለሆነች አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ቀላል ባቡሩ ለምን እኛ ዘንድ አይደርስም?

በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃ ነበር። ቤቶቹ ግን ጫፉን አልፈው ሄዱ፦ እኛና የካ አባዶ ከአያት ማዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከቃሊቲ ማዶ። ሐዲድ ማስረዘም ውድ ነው። እኔ ብጠየቅ አስቀድሜ የምለምነው አያት ላይ ባቡሩን ጠብቆ የሚነሳ አውቶቡስ፣ ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ትኬት፣ ዝናብ የማያስገባ መጠለያ ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና መፍትሔ ይሆናል?

ለጭሱ አዎ። ሰልፉ ላይ ሲቆም ግን ከቤንዚኑ እኩል ቦታ ይይዛል።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ እኛ እግረኞችንስ ማን ያስበናል?

እናቴ፣ የከተማው ዋነኛ ተጓዥ እርስዎ ነዎት፤ አዲስ አበባ ውስጥ በእግር የሚሄደው በመኪናው ከሚሄደው እጅግ ይበልጣል። ታክሲ የሚይዘውም መጀመሪያ በእግሩ ነው። ክረምት ላይ ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ በቦቲ ጫማ እሄዳለሁ፤ የሥራ ጫማዬን በፌስታል እይዛለሁ። የውኃ መውረጃው ክዳን ተሰብሮ አንድ ጎረቤት ቅርንጫፍ ተክሎበታል፤ ቀን ቀን ያስጠነቅቃል፣ ማታ ግን ቅርንጫፉም አይታይም። ክዳንና መብራት ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው፤ የቀረበትን ምክንያት ግን ሙያዬ አላስተማረኝም።

ጥያቄ፦ ብስክሌትስ?

እስከ መገናኛ አልመክርም፤ እስከ አያት ግን ያዋጣል። የጎደለው ደህና ማቆሚያ ነው። የእኔን ማታ ማታ አራተኛ ፎቅ ተሸክሜ አወጣዋለሁ፤ ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም።