ስለ ባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አቅራቢያ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም ለተመረቀው አዲስ ድልድይ ሸክሙን አስረክቧል። በጉዳዩ ላይ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ እያደረግሁ፣ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ አሮጌው ድልድይ ሳይወድቅ ለምን ተተካ? ጠግኖ መጠቀም አይቻልም ነበር?

የድልድይ ዕድሜ በዓመት ብቻ አይለካም። አሮጌው ድልድይ የተሠራው ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውንና ፖሊ ቴክኒኩን ባገኘችበት በዚያው ዘመን፣ ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች ነው። በኋላ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደርና ወደ መተማ የሚያልፈው ተሳቢ የጫነ ከባድ መኪና፣ ከዓባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለሰው ባጃጅ፣ ብስክሌቱና እግረኛው ሁሉ ያለ አማራጭ በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኙ ነበር። በሥራ መውጫ ሰዓት በእግሩ የተሻገረ ሰው፣ ከጎኑ ከባድ መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ከእግሩ ሥር የሚንቀጠቀጠውን አይረሳውም።

ጥገናን በተመለከተ፣ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ይሞላል፣ የተበላ መጋጠሚያ ይቀየራል፣ ወንዙ ከምሶሶው ግርጌ የቦረቦረው አፈርም በድንጋይ ይታገዳል። አስቸጋሪው ነገር በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት ነው። አየርና እርጥበት በዓመታት ብዛት ወደ ውስጥ ዘልቀው ብረቱን ሲያዝጉት፣ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ይህም ሁሉ በብዙ ወጪ ሊታከም ይችላል፤ ጥገና የማይፈታው ግን ጥበቱን ነው። በእኔ አስተያየት መተካቱን ያስገደደው ከእርጅናው ይልቅ ስፋቱና የሚሸከመው ጭነት ነበር።

ጥያቄ፦ አዲሱ ድልድይ በአገራችን በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው የሚባለው እውነት ነው?

በስፋቱ ከሆነ፣ አነጋገሩ ይገባኛል። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት የመኪና መስመር ሲኖረው ለእግረኛና ለብስክሌትም ቦታ ተለይቶለታል። ብስክሌት የኑሮዋ አካል ለሆነባት ከተማ ይህ የመጨረሻው እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። ግንባታውን ያከናወነው የቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲሲሲ ሲሆን፣ ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ፈጅቷል።

በአሠራሩ ከሆነ ግን እርማት ያስፈልጋል። መሐንዲሶች ኤክስትራዶዝድ የሚሉት ይህ ዓይነት፣ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው፣ 303 ሜትር በሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ ላይ አስቀድሞ ታይቷል። የአሠራሩ ምሥጢር በሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። በተለመደው የኬብል ድልድይ ወለሉን የሚሸከሙት በዋናነት ኬብሎቹ ስለሆኑ፣ ኬብሎቹ የሚታሰሩበት ምሶሶ ከወለሉ በላይ፣ በሁለቱ ዋና ምሶሶዎች መካከል ካለው ርቀት አንድ አራተኛ ወይም አንድ አምስተኛ ያህል ከፍ ብሎ መቆም አለበት። በኤክስትራዶዝድ ግን ወለሉ ራሱ ጠንካራ ነው፤ ኬብሎቹም ዝቅ ብለው ወደ ጎን በመሳብ ያግዙታል እንጂ ብቻቸውን አይሸከሙትም፤ ስለዚህ የርቀቱ አንድ አሥረኛ ገደማ የሆነ አጭር ምሶሶ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከአሮጌው ድልድይ በፊት ሰዉ ዓባይን በምን ይሻገር ነበር?

በጣና ዳርቻ በታንኳ ነበር። ወደ ታች ሲወረድ ግን ድልድዮቹ ከምናስበው በላይ ጥንታውያን ናቸው። ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚሄደው ብዙ ሰው የሚሻገርበትና ሕዝቡ የፖርቹጋል ድልድይ የሚለው የአላታ ድልድይ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነጸ ነው። ከሞጣ በታች ያለው ሰባራ ድልድይ ደግሞ ከአጼ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ ኖሮ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ፈረሰና ስሙም ከዚያ ቀረ። ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢጠገንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ።

ጥያቄ፦ የክረምት ሙላት አዲሱን ድልድይ አያሰጋውም?

ባሕር ዳር ላይ ወንዙ እንደ በረሃው ዓባይ በድንገት የሚደነፋ አይደለም። ጣና ራሱ ሙላቱን ያለዝበዋል፤ በመውጫው ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብም የሚለቀቀውን ውኃ በበሮቹ ይቆጣጠራል።

ጥያቄ፦ አሮጌው ድልድይ ቢፈርስ አይሻልም?

አይመስለኝም። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የበረሃው መሻገሪያ የሕዳሴው ድልድይ ሲከፈት የቀድሞው ድልድይ ከጎኑ እንዲቆይ ተደርጓል። የባሕር ዳሩም ከባድ መኪና ከወረደለት ለእግረኛ ብቻ ቢተው ብዙ ሊቆይ ይችላል። ድሮ ፎቶ ማንሳት ተከልክሎ በጥበቃ ሥር ይታለፍበት ከነበረው ከዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ወንዙን፣ ዕድል ከቀናም ጉማሬውን፣ ተዝናንቶ ማየት ለከተማው ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ይህ እንዲሆን ግን ምሶሶዎቹ ከውኃ በታች መመርመር አለባቸው፤ ከላይ የቆመ ሰው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነውና።