«ደርሳለች» ማለት ምን ማለት ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከልጅነት ወጥተው ወደ አዋቂነት የሚሻገሩ ልጆችን የሚመለከቱ ናቸው። ገሚሶቹን የጻፉት ልጆቹ ራሳቸው፣ ገሚሶቹን ደግሞ ወላጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ናቸው።

የ14 ዓመት ተማሪ ነው። ድምፁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ አንዴ ቀጥኖ አንዴ ጎርንኖ ስለሚወጣ ክፍል ውስጥ ማንበብ አሳፍሮታል፤ መድኃኒት ይፈልጋል።

መድኃኒት አያስፈልግህም። ማንቁርትህ እያደገ፣ የድምፅ አውታሮችህም እየረዘሙና እየወፈሩ ነው፤ በወራት ውስጥ ይረጋጋል። ማንበብህን አታቋርጥ።

አንድ አባት የ16 ዓመት ልጃቸው ሌሊቱን ስታመሽ፣ ጠዋት ደግሞ አልነሣ ስትል «ስንፍና ይዟታል» ብለው ያማርራሉ።

ስንፍና ከማለትዎ በፊት ይህን ይወቁልኝ። በጉርምስና ዘመን የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከልጅነቱ ይልቅ አምሽቶ ይመነጫል። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝታ ከንጋቱ 12 ሰዓት የምትነሣ ልጅ ግን 7 ሰዓት ብቻ ነው የምታገኘው። ስልኩ ከመኝታ ክፍሏ ውጭ ይደር፤ ጠዋት መስኮት ተከፍቶ ብርሃን ይግባላት። ቁጣው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አያስተኛትም።

አንድ ወጣት ከገጠር እንደጻፈልን፣ ቤተሰቦቹ የ15 ዓመት እህቱን ሊድሯት ሽማግሌ ተቀብለዋል። ምክንያታቸው «ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች» የሚል ነው። እርሱ ደግሞ ታናሽ ስለሆነ ማን ይሰማኛል ይላል።

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «አቅመ አዳም»፣ «አቅመ ሔዋን» የሚሉት ቃላት ሲነገሩ ደስ ይላሉ፤ ጥያቄው ግን አቅም የምንለው ምንን ነው የሚለው ነው። የወር አበባ መታየቱን እንደ ምስክር የሚያቀርቡ ሰዎች የሰውነትን እድገት መካከለኛ ምዕራፍ እንደ መደምደሚያው ቆጥረውታል። የሴት ልጅ ዳሌ አጥንት የወር አበባ ካየች በኋላም ለዓመታት ማደጉን ይቀጥላል። ባልሰፋ ዳሌ የሚገጥም፣ ለቀናት የሚራዘም ምጥ ሽንት ያለ ፈቃድ የሚያፈስ ፌስቱላ ያስከትላል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አዲስ አበባ ውስጥ የፌስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባቸውን እናቶች ለማከም ነው።

ሕጉም ቢሆን አቅምን በሰውነት ብቻ መለካቱን ትቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመትን ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም ፆታ 18 አድርጎታል። ከባድ ምክንያት ሲኖር ሊቀነስ የሚችለው ቢበዛ ሁለት ዓመት ነውና ለ15 ዓመት ልጅ ልዩ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ያገባን ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ያልሞላት ከሆነ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል።

አንተ ግን ብቻህን ከአባትህና ከሽማግሌዎቹ ጋር አትጋፈጥ። ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቷ ሂድና ለርዕሰ መምህሩ ንገር፤ ከዚያም በወረዳችሁ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አሳውቅ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ልመና ቁጠርልኝ። ቀን ከተቆረጠ በኋላ ማስቆም ይከብዳል። ከሁሉ በፊት ግን እህትህን አነጋግራት፤ ደብዳቤህ ውስጥ እርሷ ምን እንዳለች አንድ ቃል አላገኘሁም።

አንዲት ተማሪ ለብጉሯ የጥርስ ሳሙና ልቀባ ትላለች።

አትቀቢ። ምንነቱ ያልታወቀ «ማጥሪያ» ቅባትም ከገበያ አትግዢ፤ ካልተሻለሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ።

አንዲት እናት የ17 ዓመት ልጃቸው ከእርሳቸው ጋር ሲነጋገር አስተዋይ እንደሆነ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲውል ግን መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የሰው ሞተር ሳይክል ሲያበር እንደተያዘ ይገልጻሉ። «ትክክለኛው ልጄ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄያቸው ልቤን ነክቶታል።

ሁለቱም ልጅዎ ናቸው። አንጎል በሁሉም ወገኑ እኩል አይበስልም። ደስታንና ሽልማትን የሚያሳድዱት ክፍሎች በጉርምስና መግቢያ ላይ ሲነቁ፣ ከግንባር በስተጀርባ ያለውና ግፊትን የሚገታው ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22 ያሉ ወጣቶችንና ከ24 ዓመት በላይ የሆኑ አዋቂዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈትነዋል። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ወጣቶቹ፣ በተለይም ታናናሾቹ፣ ብቻቸውን ከሚጫወቱበት ጊዜ ይበልጥ አደጋን ሲደፍሩ፣ አዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ልጅዎ ሞተር ሳይክል እንደሚገድል ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የሚያውቀውን በዚያች ሰዓት የሚይዝለት ልጓም ገና ስላልጠና ነው።

ስለዚህ ስለ አደጋ የሚሰጡት ስብከት ብዙም አይፈይድም። የሚጠቅመው ሁኔታውን መለወጥ ነው፤ የሞተሩን ባለቤት ያነጋግሩ፣ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ይወቁ፣ ልጅዎም «እናቴ ታውቃለች» ብሎ የሚያመካኝበት ነገር ይኑረው።

ከዚህም አልፎ ደጋግሜ የምጽፈውን አንድ ነገር እዚህም ልበል። «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» እያልን ከቤቱ ጉዳይ ሁሉ ካራቅነው በኋላ 18 ዓመት በሞላው ማግስት በስሎ እንዲገኝ የምንጠብቅ ወላጆች ብዙ ነን። የአያቶቻችን ዘመን የአሥር ዓመት እረኛ ከብቱ የሰው አዝመራ እንዳይበላ ይጠብቅ ነበር፤ ቢበላ መልስ የሚሰጠውም እርሱ ነበር። ያ ሥራ ከትምህርት ገበታ ያራቀው ነበርና ይመለስ አልልም፤ ነገር ግን ልጁ የእርሱ ስሕተት ሌላውን እንደሚጎዳ በየዕለቱ ይማርበት ነበር። ለልጅዎ እውነተኛ ኃላፊነት ይስጡት፤ የወሩን አስቤዛ ገንዘብ ይያዝና ያብቃቃው፣ አያቱን ለቀጠሮ ሐኪም ቤት ያድርስ። ሲሳሳት ጉድለቱን ራሱ ያስላው እንጂ ወዲያው አይሙሉለት፤ እርስዎ ግን ከአጠገቡ አይራቁ። ከፈለጉም የትምህርት ቤቱን አማካሪ ማነጋገር ይችላሉ።

የ17 ዓመት ወጣት ክብደት ማንሣት ቁመት ያስቀራል ወይ ይላል።

በአሠልጣኝ እየታገዝክ፣ በልክ ካነሣህ አያስቀርም።

የመጨረሻው ደብዳቤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያላለፈ የ19 ዓመት ወጣት ነው። አባቱ «አንተ ሰው አትሆንም» ይሉታል፤ ከቤት መውጣት ካቆመም ሦስት ወር ሆኖታል።

በ2014 ዓ.ም. ይህን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ተማሪ ዘጠና ስድስቱ ሰው አልሆነም ብሎ የሚደፍር ካለ፣ ችግሩ ከመለኪያው እንጂ ከልጆቹ አይደለም። ድጋሚ ፈተናም፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም አሉልህ፤ ስለ እነርሱ በሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ሦስቱ ወር ነው። እንቅልፍህና ምግብህ ከተቃወሱ፣ ቀድሞ የምትወደው ነገር ሁሉ መጣሙ ከቀረ፣ ይህ ሐዘን ብቻ ሳይሆን ሊታከም የሚችል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደህ ያጋጠመህን ሳትደብቅ ተናገር። መሞትን የምታስብ ከሆነ ግን ሳምንት አትጠብቅ፤ ይህን እንዳነበብክ ለሚቀርብህ ሰው ንገርና ዛሬውኑ አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ለአባትህ መናገር ከከበደህ በእናትህ ወይም በአጎትህ በኩል ይሁን። ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።