ማክ ሚኒ 2018 ላይ ሊኑክስ ሲጫን ቪዲዮ ኢንኮዲንግ ለምን ሲፒዩው ላይ ይወድቃል?

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ ማክ ሚኒ 2018 ላይ ከማክኦኤስ ጎን ኡቡንቱ ጭነሃል። ማክኦኤስ ላይ በሃንድብሬክ (ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ኤችኢቪሲ (ኤች265 የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ፎርማት) ስታወጣ ማሽኑ አይጨነቅም፤ ኡቡንቱ ላይ ያንኑ ፋይል ስትቀይር ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ይገባና ፋኑ ይጮሃል። «ማሽኑ ያው፣ ቺፑ ያው፣ ታዲያ ምን ጎደለ?» ነው ያልከው።

ቺፑ ያው አይደለም። ማክኦኤስ ላይ ኤችኢቪሲውን የሚሠራልህ ቲ2 የሚባለው የአፕል ተጨማሪ ቺፕ ነው። ቲ2 ስሙ በሴኩሪቲ ይነሳ እንጂ ውስጡ የቪዲዮ ኢንኮደርም (ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍል) አለው፤ አፕል በ2018 ማሽኑን ሲያስተዋውቅ «እስከ 30 እጥፍ ይፈጥናል» ያለው በዚሁ ነው። እዚያ የሚያደርሰው ቪዲዮቱልቦክስ የሚባለው የአፕል ሶፍትዌር ነው፤ እሱ ደግሞ ከአፕል ሲስተሞች ውጭ የለም። በቡት ካምፕ የገባ ዊንዶውስም ቢሆን ቲ2ን ለቪዲዮ አያገኘውም። ሊኑክስ ላይ የሚቀርህ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ጂፒዩ (ዩኤችዲ 630)፣ ማለትም በውስጡ ያለው የኢንቴል ቪዲዮ ኢንኮደር ኩዊክ ሲንክ ነው። ኤች264ን፣ ኤችኢቪሲንም በ8 እና በ10 ቢት ኢንኮድ ስለሚያደርግ ብዙ አልተጎዳህም። ኤቪ1ን (ሌላ አዲስ የቪዲዮ ፎርማት) ግን ኢንኮድም ዲኮድም (ፈትቶ ማጫወትም) አያደርግም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ድራይቨሩ ላይ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን የኢንቴልን ሚዲያ ድራይቨር በሁለት ፓኬጅ ነው የሚያቀርቡት። ያለ ቅጥያ የሚመጣው ነፃው ነው፤ ዲኮድ ስለሚያደርግ ቪዲዮ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል። በዚህ ትውልድ ቺፕ ሙሉውን ኢንኮዲንግ የሚያስኬዱት የኢንቴል ዝግ ሼደሮች (ጂፒዩው ላይ የሚሮጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ግን የሚገኙት መጨረሻው ላይ «ነን-ፍሪ» የሚል ቅጥያ ባለው ፓኬጅ ውስጥ ነው። ኡቡንቱ ላይ መልቲቨርስን (ነፃ ያልሆኑ ፓኬጆች ያሉበትን ክፍል) ክፈትና እሱን ጫን፤ ነፃውን ራሱ ያነሳዋል። ዴቢያን 12 ላይ ላላችሁ፦ ሲጫን የሚበራው «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» ብቻ ነው፤ ይሄ ፓኬጅ ያለው «ነን-ፍሪ» ውስጥ ስለሆነ ሶርስ ሊስታችሁ ላይ በእጅ ጨምሩ። «ፓኬጁ አልተገኘም» የሚለው መልእክት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ከጫንክ በኋላ ቪኤኢንፎን (ድራይቨሩ የሚችለውን የሚዘረዝር ትእዛዝ) አሂድና ውጤቱን በጥንቃቄ አንብብ። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ክፍል አለው፤ በግራ የኮዴኩ ፕሮፋይል፣ በቀኝ ኢንትሪፖይንት (የሥራው ዓይነት)። በቀኝ «ቪኤልዲ» የሚል ካለ ዲኮድ ማለት ነው፤ «ኢንክስላይስ» የሚል ካለ ኢንኮድ። የምትፈልገው «ኤችኢቪሲ ሜይን» እና «ሜይን10» ፊት ለፊት ኢንክስላይስ ተጽፎ ማየት ነው። ቪኤልዲ ብቻ ካየህ ነፃው ድራይቨር ላይ ነህ። ቪኤኢንፎ ጭራሽ የማይከፍት ከሆነ ዩዘርህ «ሬንደር» ግሩፕ ውስጥ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ አስገባውና ሎግአውት አድርገህ ተመለስ፣ ግሩፑ ያለዚያ አይያዝም። በዶከር የምትሠራ ከሆነ ደግሞ «ሬንደርዲ128» የሚባለውን ዲቫይስ ለኮንቴይነሩ ስጠው።

(2014 ማክ ሚኒ ያላችሁ ይሄን ድራይቨር አትድከሙበት፤ የእናንተ ቺፕ ሃስዌል ነው፣ ድራይቨሩ ግን ከሃስዌል ቀጥሎ ካለው ትውልድ ነው የሚጀምረው። ለእናንተ የድሮው ድራይቨር አይ965 ነው፣ እሱም ኤች264ን እንጂ ኤችኢቪሲን ኢንኮድ አያደርግም።)

ሃንድብሬክን በተመለከተ፦ ሊኑክስ ላይ ቪኤኤፒአይን (ፕሮግራሞች ይሄን ድራይቨር የሚጠቀሙበትን መንገድ) አይደግፍም። የሚያውቀው ኩዊክ ሲንክን በኢንቴል ራንታይም በኩል ነው፤ ለዩኤችዲ 630 ደግሞ የድሮው የሚዲያ ኤስዲኬ ራንታይም ያስፈልጋል፣ አዲሱ ታይገር ሌክ ከተባለው የቺፕ ትውልድ ወዲህ ላሉት ነውና። ይሄን ሁሉ ከምትገጣጥም ኤፍኤፍኤምፔግን (በትእዛዝ የሚሠራ የቪዲዮ መቀየሪያ) ከቪኤኤፒአይ ጋር ተጠቀም።

እዚያም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዲቫይሱና የሃርድዌር ዲኮድ ኦፕሽኖቹ ከኢንፑት ፋይሉ በፊት ይገባሉ፤ ኢንኮደሩ ከኋላ። «ሃርድዌር አውትፑት ፎርማት» የሚለውንም ቪኤኤፒአይ በለው፤ ካላልከው ፍሬሙ ጂፒዩ ላይ ዲኮድ ሆኖ ወደ ራም ይወርዳል። ፋይሉን ሲፒዩው ዲኮድ የሚያደርገው ከሆነ (ለምሳሌ ኤቪ1 ሲሆን) ፊልተሩ ላይ መጀመሪያ «ኤንቪ12» (የ8 ቢት ፒክሰል ፎርማት)፣ ቀጥሎ «ሃርድዌር አፕሎድ» መጻፍ አለብህ። ይሄ ሲዘለል ነው ፎርማቶቹን መቀየር አልተቻለም የሚለው ስህተት የሚመጣው። ምንጩ 10 ቢት ከሆነ በኤንቪ12 ፋንታ «ፒ010» ጻፍ፤ አለበለዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ 8 ቢት ይወርድና ሰማይ ያለበት ምስል መስመር መስመር ይላል። መጠን ስትቀንስም የቪኤኤፒአይን ስኬል ፊልተር ተጠቀም፤ ተራው ስኬል ጂፒዩ ውስጥ ያለ ፍሬም አይነካም።

ጥራቱን በቋሚ ኪውፒ (ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ የሚጨምር መለኪያ) ጀምር። ለኤችኢቪሲ 24 አካባቢ ሞክር፣ አንድ ደቂቃ ቆርጠህ አውጣና በዓይንህ ፍረድ። በእኔ ግምት ለማህደር የምታስቀምጠውን ኤክስ265 (ሲፒዩ ላይ የሚሠራው የኤችኢቪሲ ኢንኮደር) በዝግታ ቢሠራው ይሻላል፤ በዚያው የፋይል መጠን ከኩዊክ ሲንክ የተሻለ ምስል ይሰጣል። ሃርድዌሩ ለብዛትና ለፍጥነት ነው።

«ሎው ፓወር» የሚለውን ኦፕሽን እዚህ ማሽን ላይ ተወው። በዚህ ቺፕ ለኤች264 ብቻ ነው ያለው፣ ሁክ የሚባለው የጂፒዩ ፈርምዌር ካልተጫነ ደግሞ ቋሚ ኪውፒ እንጂ ቢትሬት አይቀበልም። እንደ ሴለሮን ኤን5105 ያሉ ጃስፐር ሌክ ሚኒ ፒሲ ያላችሁ ግን ምርጫ የላችሁም፣ ቺፑ ሌላ መንገድ የለውም። ቢትሬት ስትሰጡ እምቢ ካለ የአይ915ን (የከርነሉ የኢንቴል ጂፒዩ ድራይቨር) «ኢኔብል ጉክ» የሚለውን ኦፕሽን 2 አድርጋችሁ ሪስታርት አድርጉ።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ሲፒዩውን ሳይሆን ኢንቴል ጂፒዩ ቶፕን በሱዶ ክፈትና እይ። «ቪዲዮ» እና «ሬንደር 3ዲ» ሁለቱም መነሳት አለባቸው። ሬንደሩ ለምን ይሠራል ብለህ አትደንግጥ፣ እነዚያ ሼደሮች የሚሮጡት እዚያ ነው። ቪዲዮው እየሠራ ሲፒዩውም ከፍ ካለ ዲኮዱ ወይም አንዱ ፊልተር (ብዙ ጊዜ ሰብታይትል ማተም) ሲፒዩ ላይ ቀርቷል። ያ ደግሞ ፍጥነቱን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሲፒዩና ጂፒዩ አንድ የኃይልና የሙቀት ጣሪያ ይጋራሉ።

አንድ ነገር ቀረ። ሊኑክስ ላይ ያወጣኸውን ኤምፒ4 ማክኦኤስ ገብተህ ስትከፍተው ኩዊክታይም እምቢ ሊልህ ይችላል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኤፍኤፍኤምፔግ ኤችኢቪሲን «ኤችኢቪ1» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፣ አፕል የሚፈልገው ግን «ኤችቪሲ1» ነው። የቪዲዮ ታጉን እንደዚያ ስጠው። ቀድመህ ያወጣኸው ካለም እንደገና ኢንኮድ አታድርገው፤ ኮዴኩን «ኮፒ» ብለህ ታጉን ብቻ ብትቀይር ትልቅ ፋይል እንኳ በዲስኩ ፍጥነት ያልቃል።