ከኩሬው ዳር የሚቀመጥ ግንድ፦ ለወጣት አትክልተኞች

ውድ ልጆቼ፣

ግቢያችሁ ውስጥ ትንሽ ኩሬ ቆፍራችሁ እንቁራሪት የምትጠብቁ ብዙዎች ናችሁ። ውሃው ብቻውን አያስቀራትም። ብዙዎቹ የደጋ እንቁራሪቶች ኩሬ የሚገቡት ለመራባት ነው፤ ቆዳቸው ቶሎ ስለሚደርቅ ሌላውን ጊዜ የሚያሳልፉት ጨለማና እርጥብ ቦታ ተሸሽገው ነው። ከመካከላቸው ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙ ዝርያዎች ስላሉ፣ ከግንድ ክምር መጠለያ መሥራቱን እንደ ጌጥ አትዩት።

2 ሜትር በ1.5 ሜትር ለሆነ ኩሬ ከ8 እስከ 12 ጉማጅ ይበቃል። ውፍረቱ ከ15 እስከ 30፣ ርዝመቱ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቅርፊቱን አትላጡ፤ ነፍሳት ቀድመው የሚሰፍሩት ከሥሩ ነው። ብሳና ቶሎ ይበሰብሳል፣ ወይራና ጥድ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ቀላቅሏቸው። ባሕር ዛፍ ካልሆነ በቀር የማታገኙ ከሆነ አንድ ክረምት ዝናብ ይጠበው፣ ከዚያም ከውሃው ቢያንስ 1 ሜትር አርቁት፤ ዘይቱና ከቅርፊቱ የሚወጣው ቡናማ ፈሳሽ የውሃ ፍጥረታትን ይጎዳል። ቀለም ወይም መድኃኒት የነካው እንጨት ፈጽሞ አይግባ። ከጫካም የወደቀ ግንድ አታምጡ፤ እዚያ የሚኖርበት አለ። ጎረቤት ቆርጦ የጣለውን ለምኑ።

ሥራው ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይለቅ። ከኩሬው ጠርዝ ግማሽ ሜትር ርቃችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ወፋፍራሞቹን ከታች አጋድማችሁ አንድ ሦስተኛቸውን ቅበሩ፤ ክፍተቱን በደረቅ ቅጠልና በአፈር ሙሉ፤ ወደ ውሃው በኩል ግን ሦስት አራት ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተዉ። ቀጫጭኖቹን ከላይ አስተላልፉ፤ ከጉልበት ከፍ አይበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ግንዱን እንደ ማገዶ ሲሚንቶ ላይ ይደረድረዋል። ነፋስ በመሐሉ ያልፋል፣ ጥር ሳይደርስ ይደርቃል፣ እንሽላሊት እንጂ እንቁራሪት አይገባበትም። እጃችሁን ከክምሩ አጠገብ መሬቱ ላይ ስታሳርፉ ቀዝቀዝና ረጠብ ካላለ አልተሳካም።

አንዷን ጉማጅ ከዳር ወደ ውሃው አዘንብሉ። ወፍ ቆሞ ይጠጣባታል፤ የወደቀ ፍጥረት ቅርፊቷን ይዞ ይወጣል። ከሥሯ የታጠፈ የማዳበሪያ ጆንያ ካላነጠፋችሁ ሹል ጉጥ ጂኦሜምብሬኑን (ውሃ እንዳይሰርግ ከኩሬው ሥር የሚነጠፈውን ፕላስቲክ) ይበሳውና ውሃው በአንድ ሌሊት ያልቃል። ከአንድ በላይ ግን አትጨምሩ፤ የሚበሰብስ እንጨት በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ቢምቢ የሚያራባው ዝናብ የሚቋጥር ጎድጓዳ ግንድ ነው፤ በአፈር ሙሉት ወይም ድፉት። በኩሬው ውስጥ ያለውን ዕጭ የውሃ ተርብ ልጆች ይበሉታል። ለዚሁ ብላችሁ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አትጨምሩ፤ እነሱንም የእንቁራሪቷንም ልጆች ይጨርስባችኋል።

ከኅዳር እስከ የካቲት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማምሻውን፣ 20 ሊትር ውሃ ቀስ አድርጋችሁ ክምሩ ላይ አፍስሱ። ግንድ መገልበጥ ካስፈለገ ወደ ራሳችሁ አዙሩት፤ እባብ ቢኖር ግንዱ በመካከላችሁ ይቆማል። እንደነበረ መልሱት። ነጭ ክር የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ አታጽዱት። የታችኛው በጣት ሲነካ መፈርፈር ሲጀምር ሳታወጡት፣ በየግንቦቱ ሁለት አዳዲስ ጉማጆች ከላይ ጨምሩበት።